«መናፍቅ» ከማለት በፊት

(ጎንደር ላይ ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና ለአብነት ተማሪዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤

ነገራችንን ከቅርብ እንጀምር። ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ ልጆች «የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና» ትላላችሁ። ማኅሌት የምትቆሙት «መንፈቀ ሌሊት» ትላላችሁ። በቅዳሴ ሠራዒውን ዲያቆን የሚያግዘውን ደግሞ ሁላችንም ንፍቅ ዲያቆን እንለዋለን። ሦስቱም የወጡት ነፈቀ ከሚለው የግዕዝ ግስ ነው። ነፈቀ ማለት ከፈለ፣ ገመሰ፣ ለሁለት አደረገ ማለት ነው። መንፈቅ እኩሌታ ነው፤ ንፍቅም የአንዱ አገልግሎት እኩሌታ፣ ረዳት ነው። ከዚሁ ግንድ ናፈቀ የሚለው ይበቅላል፤ ልቡ ከሁለት ተከፈለ፣ ተጠራጠረ፣ አመነታ ማለት ነው። መናፍቅና ኑፋቄ የተገኙት ከዚህ ነው።

ስለዚህ መናፍቅ የሚለው ቃል መጀመሪያውኑ ስድብ አልነበረም። ከሁለት የተከፈለ፣ ሌላውንም የሚከፍል ሰው ስም ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፦ ሁሉን ጥሎ የወጣ ሰው በቃሉ ትክክለኛ አገባብ መናፍቅ አይደለም። መናፍቅ ግማሹን የያዘ ነው። አርዮስን ተመልከቱ። የእስክንድርያ ቄስ ነበር፤ መጽሐፍ ይጠቅሳል፣ ይቀድሳል፣ ክርስቶስንም ጌታ ይላል። የጣለው አንድ ነገር ነው፤ ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ እኩል መሆኑን። በስንክሳራችን የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ተፍጻሜተ ሰማዕት ጴጥሮስ ጌታን የተቀደደ ልብስ ለብሶ አየው፤ «ማን ቀደደብህ?» ቢለው «አርዮስ» ብሎ መለሰለት ይላል። ታሪኩ የቃሉን ሥር ልክ በሥዕል አስቀምጦታል፦ ልብሱ አልጠፋም፣ ተቀደደ እንጂ።

በዐረብኛም ሙናፊቅ የሚል ቃል አለ። ኖልደኬን የመሰሉ የሴም ቋንቋዎች አጥኚዎች ቃሉ ከግዕዝ ወደ ዐረብኛ የተሻገረ ነው ብለዋል። በዚያ በኩል ግን ትርጉሙ ሌላ አቅጣጫ ይዟል፤ አፉ የሚያምን ልቡ የማያምን፣ ግብዝ ማለት ሆኗል። በእኛ ዘንድ ክፍፍሉ በትምህርቱ ላይ ነው፣ በዚያ ዘንድ በአፍና በልብ መካከል ነው። በከተማችን ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤታሞች ናቸውና ይህን ልዩነት ማወቅ ይጠቅማል። አንዱ ቃሉን ሲናገር ሌላው የሚሰማው ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።

የግሪኩ ቃል ደግሞ ሃይሬሲስ ነው፤ መምረጥ፣ ምርጫ ማለት ነው። ከዚሁ ቃል የወጣው በዐረብኛ በኩል ዞሮ ሐራጥቃ ሆኖ ደርሶናል። አንዳንዱ ሐራ ጥቃ ብሎ ለሁለት ከፍሎ ስለሚጽፈው ጥንተ ግዕዝ ይመስላል፣ አይደለም። ሃይሬሲስ በሐዋርያት ሥራ ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ነቀፋ የለበትም። ለሰዱቃውያን ሲነገር በ1954 ዓ.ም. በታተመው አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ወገን» ተብሎ ተተርጕሟል። ምዕራፍ 24 ላይ ግን ከሳሹ ጠርጠሉስ ስለ ጳውሎስ ሲናገር «የመናፍቃን የናዝራውያን ወገን መሪ» ይለዋል። ጳውሎስም «እነርሱ ኑፋቄ ብለው እንደሚጠሩት መንገድ የአባቶቼን አምላክ አመልካለሁ» ብሎ ይመልሳል። ይህን ክፍል አዘውትራችሁ እንድታነቡት እመክራለሁ። በዚህ ቃል ከተከሰሱት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ራሱ ሐዋርያው ነው፤ ክሱም ሐሰት ነበር። ያው ጳውሎስ ለገላትያ ሲጽፍ መናፍቅነትን ከሥጋ ሥራዎች ጋር ይቈጥረዋል፤ ጴጥሮስም በሁለተኛው መልእክቱ ሐሰተኞች አስተማሪዎች «የሚያጠፋ ኑፋቄን አሹልከው ያገባሉ» ይላል። «አሹልከው» የሚለውን አስተውሉ። የሚሾልክ ሰው ከውስጥ ነው ወይም ወደ ውስጥ ነው፤ በግንባር ጦር ይዞ የመጣ አይሾልክም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቃል፣ ወደ ካደ እንሂድ። ይህ ቃል ከቤተ ክርስቲያንም ውጭ ብዙ ሥራ አለው። ብድሩን ካደ እንላለን፤ የአገር ክህደት እንላለን። ፍርድ ቤት የተከሰሰ ሰው ቆሞ «የእምነት ክህደት ቃሉን» ይሰጣል፤ አምናለሁ ካለ እምነት ነው፣ አላደረግሁም ካለ ክህደት ነው። በሁሉም ቦታ የቃሉ ጠባይ አንድ ነው። ያልተበደረ ብድር አይክድም፤ የሌላ አገር ዜጋ አገራችንን አይክድም። ካደ ለማለት አስቀድሞ የተቀበለው ነገር መኖር አለበት።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ቃሉ በመጽሐፈ ክርስትና ያለው ቦታ ነው። ወንዱ በ40 ሴቷ በ80 ቀን ስትጠመቅ፣ የክርስትና አባት ወይም እናት ሕፃኑን ይዘው መጀመሪያ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ ይመልሳሉ፤ በሕፃኑ ፈንታም «እክሕደከ ሰይጣን» ይላሉ፤ ሰይጣን ሆይ እክድሃለሁ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞረው «አአምን» ይላሉ። የክርስቲያን የመጀመሪያ ቃሉ ክህደት ነው፤ የሚክደው ግን ሰይጣንን ነው። እንግዲህ ከሃዲ የሚባለው ይህን ዙር ገልብጦ የሄደ ሰው ነው፤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተመለሰ። ስለዚህም ባልተጠመቀ ሰው ላይ ከሃዲ የሚል ስም ማውጣት የቃሉን ትርጉም ማፍረስ ነው። ከእስላም ቤት የተወለደ፣ ከሌላ እምነት የተወለደ ሰው አልካደም። ያልገባ አይወጣም።

የቃሉን ልክ የሚያሳየን የሮም ንጉሥ ዑልያኖስ ነው። በክርስትና አድጎ፣ በቤተ ክርስቲያን አንባቢ ሆኖ አገልግሎ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ361 እስከ 363 ሲነግሥ ወደ አሮጌዎቹ አማልክት ተመለሰ። እርሱ መናፍቅ አይደለም፤ ግማሽ አልያዘም። ከሃዲ ነው።

ሦስተኛው ቃል ዐላዊ ነው፤ ዐለወ ከሚለው ይወጣል፤ ሥርዓት ጣሰ፣ ከጌታው ከዳ፣ ዐመፀ። በስንክሳርና በገድላት «ዐላውያን ነገሥታት» የሚለውን ሰምታችኋል። ለግሪኩ አፖስታሲያ በጠባይ የሚቀርበው ይህ ቃል ይመስለኛል። አፖስታሲያ በጥሬው ከቆሙበት ተለይቶ መቆም ነው፤ በድሮ ግሪክ ለንጉሥ ያመፀ አገር ወይም ጦር የሚጠራበት ነበር። በሐዲስ ኪዳን ሁለት ጊዜ ብቻ ተጽፏል። አንዱ በሐዋርያት ሥራ 21 ነው፤ ጳውሎስን «ሙሴን ይክዱ ዘንድ ታስተምራለህ» ብለው ያሙበት ቦታ። ሌላው በሁለተኛ ተሰሎንቄ 2 «ክህደቱ አስቀድሞ ሳይመጣ» የሚለው ነው። አማርኛው ለሁለቱም ካደን መርጧል፤ የዐመፁ ጠረን ግን ከአማርኛው ወጥቷል። ይህን ክፍል የምታስተምሩ ሁሉ ዐለወን ጎኑ አስቀምጣችሁ ብታስረዱ ተማሪው «ክህደት» ሲባል የግል ጥርጣሬ ብቻ አድርጎ አይወስደውም።

መለኪያው ምንድን ነው? ከምን ነው የሚወጣው? በጸሎተ ሃይማኖት «ወነአምን በአሐቲ ቅድስት ቤተ ክርስቲያን እንተ ላዕለ ኵሉ ጉባኤ ዘሐዋርያት» እንላለን። የሐዋርያት ጉባኤ የሆነች ቤተ ክርስቲያን ማለታችን ነው። ይሁዳም በመልእክቱ ሃይማኖት ለቅዱሳን «አንድ ጊዜ ፈጽሞ» እንደ ተሰጠች ይናገራል። መለኪያው ይህ የተሰጠው ነው፤ የሰፈር ልማድ አይደለም፣ የአንድ መምህር የግል አተረጓጎምም አይደለም። ከበሮው እንዴት ይመታል፣ መዝሙሩ በምን ዜማ ይባል በሚል ጠብ መናፍቅ የሚለው ቃል ቦታ የለውም። ቅዱስ ባስልዮስ ለአምፊሎክዮስ በጻፈው ቀኖና ሦስት ነገር ለይቷል። በሃይማኖቱ ራሱ ፈጽመው የተለዩትን መናፍቃን ይላቸዋል። መድኃኒት ባለው በቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ተጣልተው የተለዩትን ከፋዮች ይላቸዋል። ታዝዘው መቆም አቅቷቸው የራሳቸውን ስብስብ ያቆሙትን ደግሞ ለብቻ ያያቸዋል። ሦስቱን ባንድ ስም ከጠራናቸው ሦስቱንም አንድ ዓይነት እንቀጣቸዋለን፤ መድኃኒት ያለውን ቁስል እንቈርጠዋለን።

ለጎንደር ሰው ይህ የመጽሐፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አፄ ሱስንዮስ አዘዞና ዳንቃዝ ላይ ተቀምጠው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1626 በፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ለሮም ማሉ። በቃላችን ሚዛን እናስቀምጣቸው። ክርስቶስን አልካዱም፤ ጥምቀትን አልጣሉም። የተቀበሉት የሮሙን ፓፓ የልዮንን፣ «ሁለት ባሕርይ» የሚለውን የኬልቄዶን ጉባኤ ትምህርት ነው። በተዋሕዶ ሊቃውንት አነጋገር ይህ ኑፋቄ ነው፤ ክህደት አይደለም። ሕዝቡን ያስቈጣው ግን ክርክሩ ብቻ አልነበረም፤ ሚሲዮናውያኑ ሕዝቡን እንደገና ማጥመቃቸው፣ ካህናቱንም እንደገና መቀባታቸው ነበር። ዳግም ማጥመቅ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፦ «እስከ ዛሬ ክርስቲያን አልነበራችሁም» ማለት ነው። አንድ ቃል ሳይነገር በውኃ ብቻ አንድ ሕዝብ በሙሉ አረማዊ ተባለ። ደም ከፈሰሰ በኋላ በሰኔ 1624 ዓ.ም. ሃይማኖት እንዲመለስ ታወጀ፤ ፋሲል ነገሡ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ይህችን ከተማ ቈረቈሩ። ጎንደር የተቈረቈረችው በዚህ ጉዳይ ማግስት ነው።

ግን ነገሩ በዚያ አላበቃም። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ እዚሁ በከተማችን፣ በግቢው ጉባኤ ላይ፣ ራሳቸው የተዋሕዶ ልጆች ሐዋርያት ሥራ 10 ላይ «እግዚአብሔር ኢየሱስን ቀባው» የሚለው ምን ማለት ነው ብለው ተከፋፈሉ። አንዱ ወገን ሥጋ «በተዋሕዶ ከበረ» አለ፤ ሌላው «በቅብዐት ከበረ» አለ፤ ኋላም የጸጋው ትምህርት ሦስተኛ ልደት ጨመረ። ነገሥታቱ አንዴ ለዚህ አንዴ ለዚያ ያደሉ ነበርና ትናንት መናፍቅ የተባለው ዛሬ ባለ ወንበር ሆነ፤ ባለ ወንበሩም ተሰደደ። በአድባር ሰገድ ዳዊት ዘመን በዚሁ ምክንያት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ጎንደር ውስጥ ተገደሉ። ነገሩ የተቈረጠው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ በቦሩ ሜዳ በሰበሰቡት ጉባኤ ሁለት ልደት፣ ከአብና ከድንግል ማርያም የሆነው፣ ጸና። ስለ ትምህርቱ የቦሩ ሜዳን ውሳኔ እንቀበላለን። ስለ ቃሉ ግን ከዚያ ሁሉ ደም የሚገኘው ነገር ይህ ነው፦ ጉባኤ ሳይቈርጥ በየሰፈሩ የሚወረወር «መናፍቅ» የሚል ቃል ትምህርትን አላቀናም፤ ሰው ገደለ እንጂ።

እንግዲህ ቃሉ በሥርዓት እንዴት ይነገራል? ከአባቶች አነጋገር ጀምሩ። የኒቅያ 318ቱ ሊቃውንት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ325 በጸሎተ ሃይማኖታቸው መጨረሻ ያወገዙት ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ያልነበረበት ጊዜ ነበር» የሚሉትን። በዚያ ጽሑፍ የአርዮስ ስም የለም። ቅዱስ ቄርሎስ በንስጥሮስ ላይ የጻፋቸው 12ቱ ግዝቶችም «እንዲህ የሚል ቢኖር ውጉዝ ይሁን» እያሉ ነው የሚሄዱት። መጀመሪያ የሚያዘው ቃሉ ነው፤ ሰውየው የሚታሰረው ያን ቃል አልተውም ሲል ነው። ሃይማኖተ አበውን ያነበባችሁ ይህን አካሄድ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ አንድ ወጣት ወይም አንድ ሰባኪ ጥርጣሬ የሚያጭር ነገር ቢናገር፣ መጀመሪያ ቃሉን ሳታሳጥሩ፣ ሳትጨምሩ ጻፉት። አብዛኛው ስሕተት የሚገባው እዚህ ነው። ከአንድ ሰዓት ስብከት 20 ሰከንድ ተቈርጦ በስልክ ይዞራል፤ የቀረው ማብራሪያ የለም። ለምሳሌ አንዱ «ከእኔ አብ ይበልጣል» አለ ብላችሁ ብትከሱት የከሰሳችሁት ዮሐንስ ወንጌልን ነው፤ ምዕራፍ 14 ላይ የጌታ ቃል ነው። አርዮስም ይጠቅሰው ነበር። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ በሚወጣው መደምደሚያ ነው፦ «ስለዚህ ወልድ ፍጡር ነው» ካለ ኑፋቄ ነው፤ «ስለ ሥጋዌው፣ ስለ ትሕትናው የተናገረው ነው» ካለ የአባቶች ትርጓሜ ነው። መደምደሚያው ሳይሰማ ፍርድ የለም።

ቀጥሎ ቃሉን ከተቈረጠው ጋር አስተያዩት፤ ከጸሎተ ሃይማኖት፣ ከኒቅያ፣ በ381 ከተሰበሰቡት ከቍስጥንጥንያ 150ው፣ በ431 ከተሰበሰቡት ከኤፌሶን 200ው ሊቃውንት ውሳኔ ጋር። እዚያ ያልተነካ ነገር ከሆነ ጥያቄ ነው፤ በጥያቄ ሰው አይወገዝም። ከዚያ ሰውየውን ለብቻው ጠይቁት። ሦስት ነገር ይለያል፦ አላወቀም? ተጠራጠረ? ወይስ አውቆ ያስተምራል? ያላወቀ ይማራል። የተጠራጠረ ይጸለይለታል፤ መምህር ይፈለግለታል። ቶማስ ተጠራጥሯል፤ ማንም መናፍቅ አላለውም፤ ጌታ «ጣትህን አምጣ» አለው። አውቆ ለሚያስተምረው ብቻ የቲቶ 3 መንገድ ይከፈታል፤ አንድ ጊዜም ሁለት ጊዜም ይገሠጻል። ወንጌሉም በማቴዎስ 18 ብቻህን፣ ከዚያ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው ጋር፣ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን ንገር ይላል። «ለቤተ ክርስቲያን ንገር» ማለት በእኛ ሥርዓት ከንስሐ አባትና ከደብሩ አስተዳዳሪ ጀምሮ በወረዳ ቤተ ክህነትና በሀገረ ስብከት አልፎ ሊቃውንት ጉባኤ መርምሮት ቅዱስ ሲኖዶስ የሚወስንበት መንገድ ነው። ቃለ ግዝት የሥልጣን ቃል ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ሰብሳቢም፣ ሰባኪም፣ የዩቲዩብ ባለቤትም ይህ ሥልጣን የላቸውም። እስከዚያ ድረስ በቃለ ጉባኤያችሁ የምትጽፉት «እንዲህ የሚል ቃል ተናግሯል» ነው፤ «መናፍቅ ነው» ብላችሁ አትጻፉ።

የመመለሻውም መንገድ በቃሉ ላይ ይወሰናል፤ ስም መለየት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በሮሙ ንጉሥ በዳኬዎስ ስደት በ250 አካባቢ ክርስቲያኖች ለጣዖት እንዲሠዉ ታዘዙ። የሠዉ ነበሩ፤ ዕጣን ብቻ ያጠኑ ነበሩ፤ ሳይሠዉ በገንዘብ የምስክር ወረቀት የገዙም ነበሩ። የካርታጎው ቆጵርያኖስ ሁሉንም በአንድ አልፈረደባቸውም፤ ወረቀት ለገዙት አቀለለ። የሮሙ ቄስ ኖቫትያኖስ ግን ለካደ መመለሻ የለውም አለ፤ ቤተ ክርስቲያንም ይህን አልተቀበለችም። ኒቅያ በ11ኛው ቀኖና ሳይገደዱ ለወደቁ የተጠመቁ ሰዎች ሚዛን አስቀመጠች፦ 3 ዓመት በቃል ሰሚዎች ዘንድ፣ 7 ዓመት በሰጋጆች ዘንድ፣ 2 ዓመት ቍርባን ሳይቀበሉ ከሕዝቡ ጋር በጸሎት፤ ድምሩ 12 ዓመት። ገና ለጥምቀት ይማር የነበረ ቢወድቅ ግን በ14ኛው ቀኖና 3 ዓመት ከሰሚዎች ጋር ቈይቶ ወደ ንዑሰ ክርስቲያን ቦታው ይመለሳል። አንዱ 12፣ ሌላው 3 የሆነው ለምንድን ነው? የተጠመቀው «እክሕደከ ሰይጣን» ብሏልና ነው።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከግራኝ ጦርነት በኋላ ተገደው ሃይማኖታቸውን የለወጡትን ለመቀበል ያገለገለው መጽሐፈ ቄደር ዛሬም አለ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ቄደር ሁለተኛ ጥምቀት ይመስለዋል። አይደለም። ጥምቀት አንዲት ናት፤ በጸሎተ ሃይማኖት «በአሐቲ ጥምቀት» የምንለው ለዚህ ነው። ቄደር የንስሐና የመንጻት ጸሎት ነው፤ ካህኑ ውኃው ላይ ጸሎቱን ያደርሳል፣ ተመላሹ ይጠመቅበታል፤ በ40ና በ80 ቀን የተሰጠውን ልጅነት ግን አይደግመውም። ቄደርን እንደ አዲስ ክርስትና ቈጥሮ አዲስ የክርስትና ስም የሚፈልግ፣ የክርስትና አባት እንደገና የሚያቆም ሰው ያጋጥማል፤ ካህኑ በትሕትና ይመልሰው። ያ ስም አልጠፋበትም።

ሌላው የተለመደ ስሕተት ተመላሹን በአደባባይ ማቆም ነው። ወደ ሌላ ቤት ሄዶ የተመለሰ ልጅ ማይክራፎን ተሰጥቶት ያየውን ሁሉ እንዲዘረዝር፣ እዚያ ያሉትንም እንዲያወግዝ ይደረጋል። ሥርዓቱ ይህን አይጠይቅም። ንስሐ በንስሐ አባት ፊት ነው። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ክዶ ጌታ በገሊላ ባሕር ዳር የጠየቀው «ትወደኛለህን?» ብሎ ሦስት ጊዜ ነው፤ ከዚያም «በጎቼን ጠብቅ» አለው። ስለዚህ ልጁ ሲመጣ በመጀመሪያው ቀን ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድ፤ የቀድሞ አባቱ ካረፉ አዲስ ይያዝ። ቀኖናውን የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው፤ ቄደር የሚያስፈልገው መሆን አለመሆኑንም የሚለዩት እርሳቸው ናቸው። ማኅበሩም በሳምንቱ በቦታው ወንበር ይስጠው።